«ደኅንነት» ተምሮ «ፖሊስ» የሚሆነው ልጅ

ሀዲያ ውስጥ ጊምቢቹ ያለው ያክስቴ ልጅ ውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ የሚማርበት ዕድል ቀናው። የድጋፍ ደብዳቤ ተጠየቀና መንገድ ዳር ካለች የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ገባ። የትምህርቱ ስም ተተርጉሞ ሲወጣ «የሳይበር ደኅንነትና የሕዝብ ፖሊስ» ይላል። ያነበበው የለም፤ ማኅተም ግን ተመታበት። ልጁ ቤቱ ሳይደርስ ወሬው ደረሰ፤ ደኅንነት ሊሆን ነው፣ እሱ ካልሆነለት ደግሞ ፖሊስ። አክስቴ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። በኋላ ደወለችልኝና «ልጄን ጆሮ ጠቢ ሊያደርጉት ነው አሉ» አለችኝ፣ አማርኛዋን በሀዲይሳ እያቋረጠች።

በጸሐፊዋ አልፈርድም። ፖሊሲና ፖሊስ እኛ ዘንድ አንዲት «ሲ» ብቻ ነች የምትለያቸው። ግሪኮቹም ዘንድ ቢሆን የሁለቱም አያት «ፖሊስ» ነች፤ ከተማ ማለት። ያናደደኝ «ደኅንነት» የሚለው ቃል ነው።

ደኅንነት የመጣው ድኅነ ከሚለው ግእዝ ነው፤ ዳነ፣ ተረፈ። ደኅና ዋልክ፣ ደኅና እደሪ የምንለው ከዚሁ ነው። እንግዲህ ደኅንነት የድርጊት ስም ሳይሆን የሁኔታ ስም ነው፤ አደጋው ካለፈ ወይም ካልመጣ በኋላ የምንገኝበት። ሥራው የት አለ? ሌሊት ቁጭ ብሎ ሎግ የሚያነብብ፣ ቀዳዳ ፈልጎ የሚደፍን ባለሙያ በዚህ ቃል ውስጥ አይታይም። ይባስ ብሎ ቃሉ ከዘመናት በፊት ለሌላ መሥሪያ ቤት ተሰጥቷል። ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሱ እኮ ደኅንነት ነው» ሲል ስለ ጤንነቱ እያወራ አይደለም። የአገሪቱ የዘርፉ ተቋም እንኳ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ተብሎ ተሰይሞ በሕዝቡ አፍ የቀረው «ኢንሳ» ነው፤ ያንን ሁሉ አማርኛ ትቶ የእንግሊዝኛውን ምሕጻር።

ሌላ ትርጉም ደግሞ ሰሞኑን ብቅ ብቅ ብሏል፤ «በይነ መረባዊ ጸጥታ»። በይነ መረብ ራሱ ግሩም ቃል ነው፤ ድረ ገጽም እንዲሁ። ጸጥታ ግን ዝምታም ነው። የበይነ መረብ ጸጥታ ምን እንደሚመስል በ2009 ዓ.ም. የብሔራዊ ፈተና ሰሞን አይተነዋል፤ ፈተናው እንዳይሰረቅ ተብሎ ኢንተርኔቱ በመላ አገሪቱ ተዘጋ። ያን ያህል ጸጥ ያለ መረብ ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም።

ሥር መቆፈር የሚወዱ ወዳጆቼ ደግሞ «ሳይበር»ን ከነአካቴው እናስወጣው ይላሉ። ቆፍረን እንይ። ኖርበርት ዊነር እ.ኤ.አ. በ1948 «ሳይበርኔቲክስ» የሚል መጽሐፍ ሲያወጣ ስሙን ከግሪኩ ኪበርኔቴስ ወሰደ፤ የመርከብ መሪ ማለት ነው። ልብ ወለድ ጸሐፊው ዊልያም ጊብሰን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከ«ስፔስ» ጋር አጋባውና ዓለም ተቀባበለው። እኛ ኮ የመርከብ መሪ ቃል አላጣንም፤ በግእዝ ሐዳፊ ይባላል። ታዲያ «ሕድፈት» እንበለው? ሐ በአፋችን ብዙ ጊዜ አ ይሆናልና ጊምቢቹ ላይ «ልጄ እድፈት ሊማር ሄደ» ተብሎ ይሰማል። አክስቴ ሦስተኛ ቀን ትጾማለች።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ያው የኪበርኔቴስ ሥር ወደ ላቲን ተሻግሮ ጉበርናሬ ሆነ፤ እንግሊዞች መንግሥትን የሚጠሩበት ቃል የተወለደው ከዚያ ነው። ስለዚህ ሳይበርና የመንግሥት ፖሊሲ በአንድ ዲግሪ ሲቀመጡ ተራርቀው የኖሩ ዘመዳሞች ተገናኙ እንጂ ባዕዳን አልተዳበሉም። አሜሪካ ውስጥ ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ይህንን ዲግሪ የሚያስተምረው የምሕንድስናና የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ትምህርት ቤቶቹን አጣምሮ ነው። ሁለቱ ለምን እንደሚፈላለጉ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በጥር 2010 ዓ.ም. ለ ሞንድ ጋዜጣ፣ ቻይና አዲስ አበባ ላይ ከሠራችው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በየሌሊቱ ዳታ ወደ ሻንጋይ ይጫን ነበር ብሎ ሲጽፍ ቻይና አስተባበለች። መሐንዲሱ «በየት በኩል ወጣ?» ይላል፤ የፖሊሲው ሰው «ዕቃውን ማን መርምሮ ተረከበ?» ይላል።

የእኔ ምርጫ የመረብ ጥበቃ ነው።

ጠበቀ ሀብታም ግሥ ነው። ቋጠሮ ይጠብቃል፤ እረኛ ከብት ይጠብቃል፤ እናት ከስደት የሚመለስ ልጅ ትጠብቃለች። ሙያው ሦስቱንም ይፈልጋል፤ ማጥበቅን፣ መከላከልን፣ ጠላፊው እስኪመጣ በትዕግሥት መቆየትን። ጠበቃም ከዚሁ ቤት ነው፤ ስለዚህ የሕጉ ወገን ሳይጠራ ይመጣል። ደግሞም የለመድነው ነው። ጤና ጥበቃ ሲባል ዱላ የያዘ ሰው ማንም አልታየውም፤ አካባቢ ጥበቃም እንዲሁ። የ2016ቱ አዋጅ ቁጥር 1321 ራሱ የግል ዳታ ጥበቃ ነው የሚለው። ሕግ አርቃቂው መንገዱን ጠርጎልን ሳለ በጎን መሄዳችን ለምንድን ነው?

ጥበቃ የበር ሰው ስም ነው የሚለኝ አለ። ይሁን! «ማን ነህ? ከየት ነህ?» ብሎ ሳያጣራ አያስገባም። የይለፍ ቃል የምንለውስ ከወታደር ኬላ የመጣ አይደለም? አማርኛ በዚህ መንደር አይታማም። ሀከርን ጠላፊ ስንል እንኳ፣ ጠለፋ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ የገጠር ሰው ወንጀሉን ያለ ማብራሪያ ነግረነዋል፤ የ2008ቱ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ በብዙ አንቀጽ የሚለውን በአንድ ቃል።

ስለ ፖሊሲ ግን አልሟገትም። መርሕ ያጓጓኛል፤ መርሐ ግብርን ወልዶልናል፣ መሪም ከዚያው ሥር ነውና ከመርከበኛው ጋር ይገጥማል። ነገር ግን ፖሊሲ ገብቷል፣ ቤት ሠርቷል፤ አሁን ውጣ ማለት ግፍ ነው። ደብዳቤው ላይ የነበረውን «የሕዝብ» የሚል ገላጭ ግን አልፈልገውም፣ የደርግ ዘመን መፈክር ይሸተኛል። የመንግሥት ፖሊሲ ይበቃል። ድኅረ ምረቃ እንዳለ ይቆይ፤ ከተመረቁ በኋላም ትምህርት እንዳለ ይናገራልና። ደብዳቤውን እንደገና አስጻፍነው፤ «በመረብ ጥበቃና በመንግሥት ፖሊሲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት»። «ሲ»ዋን ራሴ ቆሜ አየኋት።

ከዚያ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ።

«ምኑን ነው የሚጠብቀው?» አለችኝ።

ትልቁ ልጇ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ጊምቢቹ ላይ እንዲህ ያልሆነ ቤት ጥቂት ነው። «ወንድሙ ብር ሲልክልሽ» አልኳት፣ «አንዱ ይደውልና ከባንክ ነው የምደውለው፣ ስልክሽ ላይ የገባውን ቁጥር ንገሪኝ ይልሻል...»

«እሱ ሌባ! የጎረቤቴን ብር ሙልጭ አድርጎ የወሰደው?»

«እሱን የሚያስቆመውን፣ ባንኩም ቴሌም ምን ማድረግ እንዳለባቸው በሕግ የሚያስወስነውን ነው የሚማረው።»

ቡናዋን አማሰለችና ቀና አለች።

«ታዲያ ዘበኛ ነው አትለኝም ነበር?»