ቬክተር ግራፊክስ ሶፍትዌር

ቬክተር ግራፊክስ ሶፍትዌር ምስልን በፒክሰል ክምችት ሳይሆን በሒሳብ ቀመር በሚገለጹ መስመሮችና ኩርባዎች የሚሠራ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። በዚህ የተሠራ አርማ ከቢዝነስ ካርድ እስከ ሕንፃ ላይ ማስታወቂያ ቢለጠጥ ጥራቱ አይቀንስም፤ ፎቶግራፍን ለማረም ግን አይመረጥም።

የኩርባዎቹ ስሌት ከፈረንሳይ የመኪና ፋብሪካዎች የመጣ ሲሆን፣ ቤዚየር ኩርባ የሚለው ስያሜያቸው ከሬኖው መሐንዲስ ከፒየር ቤዚየር የተወሰደ ነው፤ የሲትሮኤኑ ፖል ደ ካስቴልዦ ግን ቀድሞት ደርሶበት ነበር። አዶቢ ኢላስትሬተር እ.ኤ.አ. በ1987፣ ኮረልድሮው በ1989፣ ነፃው ኢንክስኬፕ ደግሞ በ2003 ወጡ። ኤስቪጂ የተሰኘው የድረ ገጽ ፎርማት በ2001 ደረጃ ሆኖ ጸደቀ።

በአዲስ አበባ ማተሚያ ቤቶች ቬክተር ሶፍትዌር ለአርማ፣ ለባነር፣ ለስቲከርና ለማሸጊያ ሥራ ይውላል። ዋናው ፈተና ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ፎንቶች በየራሳቸው ኮድ ይሠሩ ስለነበር፣ በእነሱ የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ስለዚህ ፋይሉ ለኅትመት ከመላኩ በፊት ጽሑፉ ወደ ኩርባ ይቀየራል፤ ከዚያ በኋላ ግን የፊደል ግድፈትን እንደ ተራ ጽሑፍ ማረም አይቻልም። ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው፣ እንደ ሳዑዲ ዓረቢያዋ ጅዳ ባሉ ከተሞች አማርኛና ዓረብኛ በአንድ ሰሌዳ ሲሰፍሩ ችግሩ ይደራረባል፦ አማርኛው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዓረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፤ ዓረብኛን በማይደግፍ ፕሮግራም ፊደላቱ ተነጣጥለውና ቅደም ተከተላቸው ተገልብጦ ይወጣሉ።