ዒላማው ሲሮጥ፦ ከኩርቦ እስከ ስኪት

ወዳጆቼ፣ በኦሎምፒክ የሚበር ሳህን በጠመንጃ ሲሰባበር አይታችሁ ይሆናል። ስኪት ይባላል። ታሪኩን ላጫውታችሁ፤ መጨረሻው ወደ እኛው ይመጣል።

ድሮ የሚተኮሰው በእርግብ ላይ ነበር። ከነነፍሷ ከሳጥን ትለቀቅና ይተኮስባታል። በ1900 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይም እንዲሁ ተደርጓል። አሜሪካ ውስጥ ግን ቀደም ብሎ እርግቧን የመስታወት ኳስ፣ በ1880 ደግሞ የሲንሲናቲው ጆርጅ ሊጎውስኪ የሠራው የሸክላ ሳህን መተካት ጀምሮ ነበር።

ስኪት ራሱ የተወለደው ማሳቹሴትስ፣ አንዶቨር ነው። ቻርልስ ዴቪስ የተባለ አዳኝ ከወዳጆቹ ጋር እንደ ሰዓት ገጽ በተከፋፈለ ክብ ሜዳ ላይ እየዞረ ይለማመድ ነበር። ጎረቤቱ የዶሮ እርባታ ሲከፍት ወደዚያ መተኮስ ቀረና ክቡ ግማሽ ሆነ። የዛሬው ሜዳ ግማሽ ክብ የሆነው በዶሮ ምክንያት ነው! በ1926 ዊልያም ፎስተር ሕጉን በመጽሔት አወጣው። በ1968 ማሞ ወልዴ ማራቶን ባሸነፈበት በሜክሲኮ ኦሎምፒክ ስኪትም ገባ።

የድሮ ሙያዬ አይለቀኝምና ትንሽ ላስላ። ሳህኑ በሰዓት 45 ማይል ገደማ ይበራል፤ በሴኮንድ 20 ሜትር ማለት ነው። ጥይቱ 20 ሜትር ለመሄድ 0.06 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚያች ቅጽበት ሳህኑ ከ1 ሜትር በላይ ርቋል። ስለዚህ ሳህኑን ያነጣጠረ ይስታል፤ የሚደርስበትን ያነጣጠረ ይመታል።

ይህን ስሌት የሀገራችን እረኛ ትምህርት ቤት ሳይገባ ያውቀዋል። በኩርቦ ከሐረግ የተጠቀለለ ቀለበት ይንከባለላል፤ ልጁ እንጨቱን የሚወረውረው ቀለበቱ ወደሚደርስበት ነው። በጉግስ ደግሞ ዒላማው በፈረስ የሚሸሽ፣ በጋሻ የሚመክት ሰው ነው። እርግቧ ያላገኘችውን ዕድል ይህኛው አለው፤ ተራው ሲደርስም አሳዳጅ ይሆናል።

የጥቂት ወዳጆች ጨዋታ ከመጽሔት ገጽ እስከ ኦሎምፒክ 42 ዓመት ፈጀበት። መነሻው ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መጻፉ ነው። የእኛም የባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ኩርቦና ጉግስን ያወዳድራል፤ በየመንደሩ ያለው አጨዋወት ግን አሁንም ያለው በአባቶቻችን ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የተወለዱ ልጆቻችንማ ስሙንም አልሰሙ።

እስቲ የተጫወታችሁ፣ በእናንተ አገር ቀለበቱ ከምን ይሠራ ነበር? ነጥቡስ እንዴት ይቆጠር ነበር? ከታች ጻፉልን። አባት እናት በሕይወት ያሏችሁም ዛሬውኑ ደውላችሁ ጠይቁ።