የባሕር ኡኡታ

ጅማ ከባሕር የራቀች አገር ናት፤ ቡናዋ ግን ባሕር ሳያቋርጥ ለውጭ ገዢ አይደርስም። ከአጋሮ፣ ከጌራና ከሊሙ ገነት ተለቅሞ፣ ጊቤን ተሻግሮ፣ ጅቡቲ ላይ መርከብ ይሳፈራል። በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የመርከብ ድርጅታችንም ከመርከቦቹ አንዷን «ጊቤ» ብሏታል። ታዲያ እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ጥያቄ አለ፦ መርከብ በውድቅት ሌሊት ጭንቅ ላይ ብትወድቅ እንደምን አድርጋ ትጮኻለች?

በጅማ ገጠር ሰው ሲቸገር ኡኡ ይላል። ኦሮሞው «ኢያ» የሚለው ነው፤ የሰማ ሁሉ ጩኸቱን ለጎረቤት እያሳለፈ ይሮጣል፤ ሰምቶ ዝም ማለት ነውር ነው። በባሕር ላይ ግን የሰው ድምፅ ሩቅ አይሄድምና ጩኸቱ በብርሃን ይተካል።

ለዚህ መላ ብዙ የደከመችው ማርታ ኮስተን የተባለች አሜሪካዊት ናት። ባሏ በ1848 (እ.ኤ.አ.) ሲሞት በደብተሩ ላይ ጅምር ሐሳብ ትቶላት ነበር። አሥር ዓመት ግድም ለፍታ በ1859 በነጭ፣ በቀይና በአረንጓዴ የሚነድ የመርከብ ምልክት አስመዘገበች። በፈቃዱ ወረቀት ላይ ፈልሳፊ ተብሎ የተጻፈው ግን ሟቹ ነው።

የዛሬው የድረሱልኝ ርችት ገመዱ ሲሳብ ተቀጣጥሎ 300 ሜትርና ከዚያ በላይ ይወነጨፋል። እዚያም ትንሽ ጃንጥላ ይዘረጋና እሳቱ እየተንሳፈፈ ቢያንስ 40 ሴኮንድ ይነዳል። ድምቀቱን ማግኒዚየም፣ ቅላቱን ስትሮንሺየም ይሰጡታል። በዓለም አቀፉ ሕግ መሠረት የንግድ መርከብ ቢያንስ 12 መያዝ አለበት።

ይሁንና ብርሃን ብቻውን አያድንም። በሚያዝያ 1904 ዓ.ም. ታይታኒክ ስትሰጥም ስምንት ያህል ነጭ ሮኬቶች ተኩሳለች። «ካሊፎርኒያን» የተባለች መርከብ ተረኞች አይተው ለካፒቴናቸው ነገሩት። በዘመኑ ኩባንያዎች በየራሳቸው ርችት ይተዋወቁ ነበርና፣ እሱም የኩባንያ ምልክት ይሆን ወይ ብሎ ጠየቀ። የሬዲዮ ሠራተኛውን እስኪነጋ የቀሰቀሰው አልነበረም፤ መርከቧም ካለችበት ሳትነቃነቅ 1,500 ያህል ሰው አለቀ።

አሁን ቀይ ርችት ለማንኛውም መርከበኛ ትርጉሙ አንድ ነው። ያየ ካፒቴን፣ መርከቡ የማንም ትሁን የማን፣ ከቻለ አቅጣጫውን ቀይሮ እንዲደርስ ሕጉ ያስገድደዋል። ለዚህ ውል ባሕረኛው ብዙ ሕይወት ከፍሏል፤ የጅማ ገበሬ ግን በ«ኢያ» ከጥንት ሲኖርበት ቆይቷል።