የምድር መንቀጥቀጥ መዝገብና የመድን ሒሳብ

የመድን ሥራ መሠረቱ ቍጥር ነው። የእሳትን አደጋ የሚቀበል ኩባንያ ባለፉት ዓመታት ስንት ቤት እንደ ተቃጠለ ቈጥሮ ከዚያው ላይ አረቦኑን ይተምናል። የምድር መንቀጥቀጥ ግን ለእንዲህ ያለ ቈጠራ አይመችም። በአንድ ሰው ዕድሜ አንድ ጊዜ ብቻ ይደርስ ይሆናል፤ ጭራሹንም ላይደርስ ይችላል፤ በደረሰ ጊዜ ግን የአንድን አገር ቤት ሁሉ በአንድ ቀን ይነካል። ስለዚህ የመድን ሰዎች ያለፈውን ኪሣራ ከመቍጠር አልፈው ሊመጣ የሚችለውን በሒሳብ ወደ መገመት ዞሩ። አዲስ አበባን ለከበቧት ለሰበታ፥ ለቡራዩና ለሱሉልታ ይህን ሒሳብ ልሥራ የሚል ሰው አስቀድሞ የሚያስፈልገው የታሪክ መዝገብ ነው።

ከዚህ መዝገብ ዋነኛው ቀን ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዕለት ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በስምጥ ሸለቆ የተነሣው መንቀጥቀጥ መጠኑ ወደ 6.8 እንደ ነበረ ኋላ ተገምቷል። ከተማይቱ ገና 20 ዓመት ያልሞላት ነበረች፤ የሕዝቡም ቤት አብዛኛው ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፥ ክዳኑ ሣር ነበረ። እንዲህ ያለው ቤት ምድር ስትናወጥ አብሮ ይወዛወዛል እንጂ እንደ ድንጋይ ካብ በአንድ ጊዜ አይናድም።

በግንቦት 1953 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ ደረሰ። (ይህ ካራ ቆሬ ከደብረ ሲና ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ያለው ነው እንጂ፥ ወደ ሰበታ ስንወጣ የምናልፈው የአዲስ አበባው ካራ ቆሬ አይደለም።) የማጀቴ ከተማ ፈረሰች። ስምንት ዓመት ሳይሞላም፥ በመጋቢት 1961 ዓ.ም.፥ በአሰብ መንገድ ላይ የነበረችው ሰርዶ እንዲሁ ፈረሰች።

እነዚህን ሁለቱን አደጋዎች በመሣሪያ ለመከታተል የተቻለው ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፒየር ጉዋን በ1950 ዓ.ም. ገደማ፥ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ አቋቁመው ስለ ነበረ ነው። ነገር ግን በእኔ አስተያየት ከመሣሪያው ይልቅ የሚደነቀው የብዕር ሥራቸው ነው። ዜና መዋዕሎችን፥ የመንገደኞችን ማስታወሻና የመልእክተኞችን ደብዳቤ አገላብጠው የኢትዮጵያንና የአፍሪካን ቀንድ የመንቀጥቀጥ ታሪክ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1979 በመጽሐፍ አወጡ። እንዲህ ያለ መዝገብ ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ምድር የተናወጠችበትን ቦታ ሳይሆን ጸሓፊ የነበረበትን ቦታ ይከተላል። ቤተ መንግሥት በነበረበት ሁሉ ወሬው ተጽፏል። በሱሉልታ ሜዳ ከብቱን ይጠብቅ የነበረው ገበሬ ያየውን ግን ማንም አልጻፈለትም። እንግዲህ የመዝገቡን ዝምታ እንደ ደኅንነት የሚቈጥር ሰው ሒሳቡን ከመጀመሪያው ያበላሻል።

ይህን ጐዶሎ ለመሙላት የሚያገለግለውን ሒሳብ አሜሪካዊው አሊን ኮርኔል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1968 ጽፎ አሳየ። የመንቀጥቀጡን ምንጮች፥ የሚመላለሱበትን ዘመንና ርቀቱን አንድ ላይ አዋሕዶ፥ በአንድ ቦታ ላይ ይህን ያህል ኀይል ያለው መናወጥ በዓመት የመድረሱ ዕድል ስንት እንደ ሆነ ያሰላል። የመድን ሰዎች በዚህ ላይ የሕንፃውን ጽናትና የንብረቱን ዋጋ ጨመሩበት። ዘመኑን መምረጥ ቀላል ነገር አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1995 የወጣው የአገራችን የሕንፃ ደንብ መሠረት ያደረገው በ100 ዓመት አንድ ጊዜ የሚጠበቀውን መናወጥ ነበረ፤ በ2015 የወጣው ግን የ475 ዓመቱን ያዘ። ልዩነቱ በቍጥር ሲታይ፥ ለ50 ዓመት የሚቆም ቤት የመጀመሪያውን የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 39 ያህል፥ ሁለተኛውን የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 10 ነው። በፊተኛው ደንብ የተሠራ ቤት እንግዲህ ለዘመኑ ቀላል የሆነውን መናወጥ ብቻ አስቦ የተሠራ ነው።

ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ገደማ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ከሣር ቤት ወደ ብሎኬትና ወደ ፎቅ የተሸጋገሩት በጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ውስጥ ነው። ሰበታ ከወጨጫ ተራራ ግርጌ ፋብሪካዎችን ይዛለች፤ ከጅቡቲ የሚመጣው አዲሱ የባቡር ሐዲድም እስከዚያው ይደርሳል። ቡራዩ በገፈርሳ አጠገብ ባለው ዳገትና ሸለቆ ላይ ተዘርግታለች። ሱሉልታ ግን ከእንጦጦ ወዲያ ክረምት ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ናት፤ ለስላሳ አፈር ደግሞ መናወጥን ያበዛል። ስለዚህ የ1898ቱ መንቀጥቀጥ ዛሬ ቢመለስ፥ መጠኑ ያው ሆኖ ሳለ ኪሣራው ከዚያን ጊዜው ጋር የሚወዳደር አይሆንም።

ይህን የሚሸከመው ማን ነው? በ1967 ዓ.ም. 13 የግል የመድን ኩባንያዎች ተወርሰው ኋላ በኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተጠቃለሉ፤ በ1986 ዓ.ም. የግል ኩባንያ እንደ ገና ተፈቀደ፤ በ2008 ዓ.ም. የአገር ውስጥ የጠለፋ መድን ኩባንያ ሥራ ጀመረ። ይሁን እንጂ በአገሪቱ በዓመት የሚሰበሰበው አረቦን ከጠቅላላው የአገር ውስጥ ምርት አንድ በመቶ አይሞላም።

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ በተንቀጠቀጠች ጊዜ መናወጡ እስከ አዲስ አበባ ተሰማ፤ በፎቅ የሚኖሩ ሰዎችም በሌሊት ወደ ደጅ ወጡ። የተለመደው የእሳት መድን ውል ደግሞ የምድር መንቀጥቀጥን የሚሸፍነው ተጨማሪ አረቦን ሲከፈልበት ብቻ ነው።