ከሱቅ ትርፍ የተከፈተው የሕፃናት ቤት

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ታሪክ በተወሳ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዟ ሮችዴል ከተማ ሱቅ የከፈቱት 28 ሰዎች መነሳታቸው የተለመደ ነው። ከእነርሱ ቀደም ብሎ የነበረው ሮበርት ኦዌንም «የኅብረት ሥራ አባት» እየተባለ በየሥልጠናው ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ስሙ ብቻ ነው። እናቶች ሥራ ላይ ሲውሉ ሕፃናት የሚውሉበትን ቤት የከፈተ ሰው መሆኑ፣ ከዚያም በላይ የቤቱን ወጪ ከየት እንደሸፈነ እምብዛም አይነገርም። በአረምና በአጨዳ ወቅት ሕፃን በማሳ ዳር ጥላ ሥር ለሚያስተኙ፣ ወይም ለሰባት ዓመት እህቱ አሳዝለው ለሚወጡ አባላት ግን ከኦዌን ታሪክ ይበልጥ የሚቀርበው ይኸኛው ክፍል ነው።

ኒው ላናርክ

ኦዌን እ.ኤ.አ. በ1771 በዌልስ ተወለደ። በ1800 መጀመሪያ ላይ በስኮትላንድ፣ በክላይድ ወንዝ ዳር የሚገኘውን የኒው ላናርክ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ማስተዳደር ጀመረ። በፋብሪካው መንደር ወደ 2,000 የሚጠጋ ሕዝብ ይኖር የነበረ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ወደ 500 የሚሆኑት ከኤዲንብራና ከግላስጎው የድሆች መጠለያዎች የመጡ ልጆች ነበሩ። ኦዌን ከመጠለያዎቹ ልጆችን መቀበሉን አቆመ፤ ከ10 ዓመት በታች የሆነ ልጅም በፋብሪካው እንዳይሠራ አደረገ። የኅብረት ሥራ አባት ይባል እንጂ እርሱ ራሱ የማኅበር አባል ሳይሆን የፋብሪካ ጌታ እንደነበረ፣ ፋብሪካውም ጥሩ ያተርፍ እንደነበረ መዘንጋት የለበትም።

ልጆቹ ከማሽኑ አጠገብ ሲነሱ የት ይዋሉ የሚለው ጥያቄ ተከተለ። ኦዌን ትምህርት ቤት ለመሥራት ባሰበ ጊዜ ሸሪኮቹ ገንዘቡ ይባክናል ብለው ተቃወሙት። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1813 ሌሎች ሸሪኮች ፈልጎ ፋብሪካውን ከእነርሱ ጋር እንደገና ገዛው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1816 ደግሞ «የጠባይ መቅረጫ ተቋም» ያለውን ቤት መርቆ ከፈተ። የቤቱ አንዱ ክፍል ቆመው መሄድ ከቻሉበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ስድስት ዓመት ገደማ ለሚሆናቸው ሕፃናት የተለየ ነበር።

ለዚህ ክፍል የተመረጡት አስተማሪዎች የተማሩ ሰዎች አልነበሩም። አንዱ ጄምስ ቡካናን የሚባል ሸማኔ ሲሆን ማንበብና መጻፉ ከመጠነኛ አያልፍም ነበር። ሁለተኛዋ ሞሊ ያንግ የምትባል የ17 ዓመት የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ኦዌን የመረጣቸው ልጅ ስለሚወዱና ትዕግሥት ስለነበራቸው ነው። የሰጣቸው መመሪያም አጭር ነበር፦ ሕፃን አይመታም፣ አይዛትበትም፣ ክፉ ቃል አይነገረውም፤ ልጆቹም አንዱ ሌላውን ማስደሰት ይለማመዱ። በዚያ ዕድሜ መጽሐፍ አይሰጣቸውም ነበር። በግድግዳው ላይ የእንስሳት ሥዕልና ካርታ ተሰቅሏል፤ ከሜዳ የመጣ አበባና ቅጠል እያዩ ይጠይቃሉ፤ ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ፣ አየሩ ጥሩ ሲሆን ደጅ ይውላሉ። ሕፃናት እንደ ትልቅ ሰው በሚቀጡበት በዚያ ዘመን ይህ እንግዳ ነገር ነበረ። ከብዙ አገር ጎብኚዎች እየመጡ ተመለከቱት፤ ቡካናንም ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ተመሳሳይ ቤት እንዲከፍት ወደ ለንደን ተወሰደ።

ገንዘቡ ከየት መጣ

ለኅብረት ሥራ አባላት ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ከኦዌን በፊት የመንደሩ ሠራተኛ ዕቃ የሚገዛው ከግል ነጋዴዎች በዱቤ ነበር፤ ዕቃው መናኛ፣ ዋጋው ውድ ነበረ። ኦዌን የመንደር ሱቅ ከፍቶ ዕቃውን በጅምላ እየገዛ ከመግዣ ዋጋው እምብዛም ባልራቀ ዋጋ ያቀርብ ጀመር። እርሱ ራሱ እንደጻፈው ሠራተኛው ከቀድሞው ወጪው ሩብ ያህሉን አተረፈ። ሱቁ በዚህ ዋጋ እየሸጠም የተወሰነ ትርፍ ነበረው፤ ትርፉም ለትምህርት ቤቱ ዋለ። ወላጆች የሚከፍሉት በጣም ትንሽ ነበር። እናት ዱቄትና ጨው በገዛች ቁጥር ለልጇ ማዋያ የሚሆን ገንዘብ ታስቀምጥ ነበር ማለት ነው።

የሮችዴል ሰዎች፣ በርከት ያሉት የኦዌን ተከታዮች የነበሩ ሲሆን፣ ሱቁን ወስደው ባለቤትነቱን ለአባላት አደረጉት። ከትርፋቸውም 2.5 በመቶውን ለትምህርት መመደብን ደንብ አደረጉ።

የኒው ላናርኩ ቤት ግን ባለቤቶቹ የፋብሪካው ሸሪኮች ስለነበሩ በእነርሱ ፈቃድ ላይ የቆመ ነበር። ከሸሪኮቹ አንዱ የነበረው ዊልያም አለን ጭፈራውንና የሃይማኖት ትምህርት ማነሱን አልወደደም። እ.ኤ.አ. በ1824 ሸሪኮቹ ባስገደዱት ስምምነት በኩባንያው ወጪ ጭፈራ ማስተማር ቀረ፤ በዚያው ዓመትም ኦዌን ወደ አሜሪካ ሄደ። ወላጆቹ በውሳኔው ላይ ድምፅ አልነበራቸውም።

በእንግሊዝ አገርም የሕፃናት ማቆያ ከዚያ በኋላ ሲከፈትና ሲዘጋ ኖሯል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሴቶች ለፋብሪካ ሥራ በመፈለጋቸው መንግሥት ከ1,400 በላይ ማቆያዎችን በራሱ ወጪ አቋቋመ። ጦርነቱ እንዳበቃ ድጎማው ሲቀነስ ብዙዎቹ ተዘጉ። ለአራት ዓመት ልጆች ሁሉ ነፃ ቦታ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1998፣ ለሦስት ዓመት ልጆች በ2004 ነው። ሥራ ያላቸው ወላጆች ልጅ ከዘጠኝ ወሩ ጀምሮ በሳምንት 30 ሰዓት በመንግሥት ወጪ እንዲውል የተደረገው በሴፕቴምበር 2025 ነው። ከኦዌን ቤት ምረቃ እስከዚያ ከ200 ዓመት በላይ መፍጀቱ ልብ ይሏል።

በኢትዮጵያ ገጠር

በኢትዮጵያ ሕፃናት ከቤት ወጥተው ፊደል የሚቆጥሩበት ቦታ ለብዙ ዘመን የቄስ ትምህርት ቤትና የቁርዓን ትምህርት ቤት ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ቀበሌዎችና የገበሬ ማኅበራት መዋዕለ ሕፃናት እንዲከፍቱ ተደርጓል፤ በአንዳንድ አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ተከፍቶ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ አምራች ማኅበራቱ ባጭር ጊዜ ፈረሱ፤ በእነርሱ ላይ የቆመውም አብሮ ሄደ። ገበሬው ማኅበሩን በራሱ ፈቃድ ስላላቋቋመው ሊያቆየው አልፈለገም። መዋዕለ ሕፃናቱ ግን ጥፋት አልነበረበትም።

በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ዘመን መዋዕለ ሕፃናት በአብዛኛው ለግልና ለማኅበረሰብ የተተወ በመሆኑ ከከተማ ብዙም አልወጣም። የ2002 ዓ.ም. የፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ በኋላ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ዜሮ ክፍል» ተከፍቶ ገጠር ድረስ ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ገና የሚድኸውንና የሚጠባውን ልጅ አይመለከትም፤ ታላቅ እህቱን ከትምህርት የሚያስቀረው ደግሞ ይኸው ልጅ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነፍሰ ጡርና አራስ እናቶችን ከጉልበት ሥራ አውጥቶ በቀጥታ ድጋፍ ይዟል። በኋላ በወጣው መመሪያውም በሥራ ቦታ የሕፃናት ማቆያ እንዲዘጋጅ ተቀምጧል። በብዙ ቦታ ግን ማቆያው ከወረቀት አላለፈም፤ እርከን ሲሠራ ሕፃኑ ያው ዛፍ ሥር ነው። የ2010 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁም አዝዞ ነበር። ለገበሬዋ እናት እንዲህ ብሎ የሚያዝ የለም፤ አሠሪዋ ማሳዋ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1995 በማንቸስተር በጸደቁት ዓለም አቀፍ የኅብረት ሥራ መርሆዎች ሰባተኛው ለአካባቢው ማኅበረሰብ ማሰብ ነው። የቡና ዩኒየኖች ከፍትሐዊ ንግድ በሚያገኙት ተጨማሪ ክፍያ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ የሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ከትርፍ ምን ያህሉ ለምን እንደሚውል የሚወስነው የመሠረታዊ ማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ለአረምና ለአጨዳ ወራት ብቻ የሚሆን አንድ ክፍልና ሁለት ትዕግሥተኛ ሰዎች፣ አንድ ሸማኔና አንዲት ልጃገረድ እንደበቁት ሁሉ፣ ለመጀመር ይበቃሉ። ችግሩ በጉባኤው የሚገኙት በአብዛኛው አባወራዎች መሆናቸው ነው። ጉዳዩን ሊያነሱ የሚችሉት እናቶች በዚያን ዕለት ሕፃን ይዘው ቤት ይውላሉ።