የድሆች አስከሬን ያሳሳተው ሕክምና

ከደረታችን አጥንት በስተጀርባ፣ ከልብ ከፍ ብላ የተቀመጠች ታይመስ የምትባል ዕጢ አለች። በልጅነት ትፋፋለች፤ ዕድሜ ሲገፋ እየከሳች በስብ ትተካለች። የዚህችን ዕጢ ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሕክምና መጽሐፍ ሳይሆን የችሎት መዝገብ የማገላብጥ ይመስለኛል።

በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች የሰውን አካል የሚያጠኑት በአስከሬን ነበር። ለመሆኑ የማን አስከሬን? በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1832 የወጣው ሕግ በድሆች መጠለያ ሞቶ ጠያቂ ዘመድ ያጣ ሰው ለሕክምና ትምህርት ቤት እንዲሰጥ ፈቀደ። ባለጸጋው ግን በክብር ይቀበራል። ድሀው ደግሞ ከመሞቱ በፊት በረኀብና በተላላፊ በሽታ ሲማቅቅ የኖረ ነው። ሰውነት እንዲህ ሲጨነቅ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን አብዝተው ያመነጫሉ። ሆርሞኑም በታይመስ ውስጥ በማደግ ላይ ያሉትን ነጭ የደም ሴሎች ይፈጃል፤ ዕጢዋ ትኮማተራለች። ሐኪሞቹ እንግዲህ ይህችን በመከራ የተኮማተረች ዕጢ ነው የጤነኛ ሰው መለኪያ ያደረጓት።

ደኅና ሲጠባ የነበረ ሕፃን በተኛበት ሞቶ ሲገኝና ሲመረመር፣ ታይመሱ ትልቅ ሆና ታየች። «ያነቀችው እሷ ናት!» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1889 የቪየናው ፓልታውፍ ነገሩን በላቲን በሽታ ብሎ ሰየመው። የላቲን ስም የወጣለትን በሽታ ማን ደፍሮ ይጠራጠራል? ከ1907 ጀምሮ በአሜሪካ የጤነኛ ሕፃናት ደረት በራጅ ጨረር ይመታ ጀመር። በ1931 የብሪታንያ አጣሪ ኮሚቴ እንዲህ ያለ በሽታ ለመኖሩ ማስረጃ የለም ቢልም ጨረሩ አልቆመም። በ1950 ግን የአንገት ዕጢ ካንሰር ከያዛቸው ልጆች መካከል በሕፃንነታቸው ጨረር የተቀበሉ መኖራቸው ተጻፈ።

የዕጢዋ ሥራ የታወቀው ከዚያም በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ዣክ ሚለር ለንደን ውስጥ ገና ከተወለዱ አይጦች ታይመስን ቆርጦ አወጣ። አይጦቹ ከሳምንታት በኋላ መነመኑ፤ ነጭ የደም ሴላቸው አነሰ፤ የባዕድ አይጥ ቆዳ ሲለጠፍባቸው እንኳ ሳይቃወሙ ተቀበሉ። ለካ ቲ ሴል የሚባሉት የሰውነት ወታደሮች የሚሠለጥኑት እዚያ ነው፤ የገዛ ወገናቸውን የሚወጉትም አብዛኞቹ እዚያው ይወገዳሉ። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ ደግሞ በ1995 ሌሎቹን የሚገቱ ቲ ሴሎች መኖራቸውን አሳየ፤ ለዚህም በ2025 ከሁለት አሜሪካውያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

እኔን ግን ከሽልማቱ ይልቅ በ1990ዎቹ በቦሊቪያ የተደረገው ምርመራ ይስበኛል። በምግብ እጦት የተጎዱ ሕፃናት ታይመስ በአልትራሳውንድ ተለካ። ልጆቹ ክብደታቸው ተመልሶ ድነዋል ከተባለ በኋላ እንኳ ዕጢዋ ወደ ቀድሞ መጠኗ ለመመለስ ተጨማሪ ሳምንታት ይፈጅባት ነበር።