የሕፃናት ሥዕል ወደ አደባባይ የወጣበት ታሪክ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተማሪዎች ሥዕል በአዳራሹ ግድግዳ ተሰቅሎ ወላጆች እየዞሩ ሲመለከቱት፥ ነገሩ ከጥንት የነበረ ልማድ ይመስላል። ዳሩ ግን ከመቶ ኀምሳ ዓመት በፊት የልጅ ሥዕል ለሕዝብ ይታይ ብሎ የሚያስብ ሰው በአውሮጳ እንኳ እምብዛም አልነበረም። ልጅ ሥዕል የሚማረው የአዋቂን ሥራ እየገለበጠ እጁን ለማለማመድ ነበርና። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ጽፈነዋል።)

ፍራንዝ ቺዜክ በ1865 ዓ.ም. በቦሔሚያ ተወልዶ በ1885 ዓ.ም. ሥዕል ለመማር ወደ ቪየና ሄደ። እዚያም በአንድ አናጢ ቤት ተከራይቶ ተቀመጠ። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ረዥም የሳንቃ አጥር ነበረ፤ የሰፈሩ ልጆችም በዚያ ላይ ለመሳል ይሽቀዳደሙ ነበር። ይህም የሥዕል ውድድር ነው፤ ዳኛና ሽልማት ብቻ ጐደለው። ቺዜክ የልጆችን ሥዕል ለወዳጆቹ፥ ለእነ ጉስታቭ ክሊምትና ለእነ ኦቶ ዋግነር፥ ቢያሳያቸው እጅግ ተደንቀው ትምህርት ቤት እንዲከፍት ገፋፉት። እርሱም በ1897 ዓ.ም. የልጆች የሥዕል ክፍል ከፈተ። በክፍሉ ልጁ ከልቡ ያለውን ይስላል እንጂ ከሌላ አይገለብጥም።

በ1908 ዓ.ም. በቪየና «ኩንስትሻው» የተባለው ታላቅ የሥዕል ትርኢት ሲከፈት፥ የእነዚህ ልጆች ሥራ ከእነ ክሊምት ሥራ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ታየ።

ከዚህ በኋላ የዓለም ጦርነት መጣ። ጦርነቱ በ1918 ዓ.ም. ሲያበቃ ቪየና ተርባ ነበር። ለርዳታ ሥራ ወደዚያች ከተማ የሄደች ፍራንቼስካ ዊልሰን የምትባል እንግሊዛዊት መምህርት የቺዜክን ተማሪዎች ሥዕል አይታ ስለ ወደደችው፥ በ1920 ዓ.ም. ለንደን ወስዳ ለሕዝብ አሳየችው። ትርኢቱ በእንግሊዝ አገር ከከተማ ወደ ከተማ ተዘዋወረ፤ ኋላም አሜሪካ ደረሰ። የተገኘውም ገንዘብ ለሕፃናት አድን ድርጅት ገቢ ሆነ። ሁለቱ አገሮች ከተዋጉ ገና ብዙ ጊዜ አልሆነም ነበር፤ ሆኖም የለንደን ሰው የትናንት ጠላቱ ልጅ የሣለውን ሥዕል ሊያይ ሄደ። እኛ ከታሪኩ ሁሉ ይህን እናስበልጣለን።

ስለ ሽልማት ግን በመካከላችን ክርክር አለ። የህንዱ የካርቱን ሠዓሊ ሻንካር ፒላይ በ1949 ዓ.ም. ለአገሩ ልጆች የጀመረው ውድድር በማግሥቱ ዓመት ለዓለም ልጆች ሁሉ ተከፈተ፤ ስለዚህ በሩቅ አገር ያለ ልጅም ሥዕሉን በፖስታ ልኮ ይወዳደራል። ይህ መልካም ነው። ቢሆንም ዳኛው ምን እንደሚወድ አስቀድሞ ገምቶ ለዳኛው የሚስል ልጅ አይጠፋም። ያ ልጅ ቢያሸንፍ፥ ያሸነፈው ማን ነው?

ከቺዜክ ዘንድ ከተማሩት አንዷ ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ ነበረች። አይሁዳዊት በመሆኗ ናዚዎች በታኅሣሥ 1942 ዓ.ም. በቼክ ምድር ወደሚገኘው ወደ ቴሬዚን ማጐሪያ አጋዟት። ሊያዝ ከተፈቀደላት ጥቂት ጓዝ ውስጥ የሥዕል ዕቃ ነበረበት። እዚያ ለታጐሩት ልጆች ሥዕል አስተማረች፤ በ1943 ዓ.ም. ደግሞ ከልጆቹ መኖሪያ ሥር ባለው ምድር ቤት ሥራቸውን ሰቅላ አሳየች። ልጆቹም በሥዕላቸው ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ታደርግ ነበር። በጥቅምት 1944 ዓ.ም. ወደ አውሽቪትዝ ተወስዳ ተገደለች።

4,500 ያህል ሥዕሎች በሁለት ሻንጣ ተሸሽገው ቀሩ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ተገኝተው ዛሬ በፕራግ የአይሁድ ቤተ መዘክር ይጠበቃሉ፤ ከሣሏቸው ልጆች ግን የሚበዙት አልተመለሱም። በዚያችው ከተማ በፒንካስ ምኵራብ ከሥዕሎቹ ጥቂቶቹ ለሕዝብ ይታያሉ፤ አበባ፥ ቤት፥ ቢራቢሮ ተሥሎባቸዋል። በብዙዎቹም ላይ የልጁ ስም ይነበባል።